መርፌው ወርዶ እስኪቆም

እኔ ጥሩ ቁጥር አልወድም። ሰው ሐኪም ቤት ሄዶ "ምንም የለብህም" ሲሉት እልል ብሎ ይመለሳል። እኔ ግን የሕንፃ የመብራት ቦርድ ፈትሼ "ምንም የለበትም" የሚል ቁጥር ሲወጣልኝ እጠረጥራለሁ። በተለይ በክረምት፣ በተለይ አሶሳ። እዚህ ዝናቡ ከገባ ግድግዳው ያልበዋል፣ ፍራሹ ይሻግታል፣ አልጋ ሥር የሰነበተ ጫማ ጢም ያበቅላል። ከዚህ ሁሉ እርጥበት መሐል አንድ የብረት ሳጥን ብቻውን "ደርቄያለሁ" ቢለኝ እንዴት ብዬ ልመነው?

ሥራዬ ኤሌክትሪክ ነው፤ የምሠራውም ከታላቅ ወንድሜ ጋር ነው። ወላጆቻችን በደርግ ጊዜ ከወሎ መጥተው እዚህ የሰፈሩ ናቸው፤ እኛ ሁለታችን የተወለድነው እዚሁ ነው። እሱ ጉባ፣ ግድቡ ላይ ዓመታት ሠርቶ ሲመለስ የመሣሪያ ሳጥንና ስም ይዞ መጣ። እኔ በቴክኒክ ኮሌጅ በኩል አልፌያለሁ፤ ሆኖም ሽቦ ማክበር ያስተማረኝ ኮሌጁ ሳይሆን እሱ ነው። ገና ጀማሪ ሳለሁ አንዴ ሳላረጋግጥ እጄን ወደ ቦርድ ስሰድ በጥፊ አልሶኛል። አልተቀየምኩትም፤ እጄ እስከ ዛሬ አለ።

ሜገር የምንለው መሣሪያ አለን፤ በእጅ የሚሽከረከር መዘውርና አንዲት መርፌ ያለው ሳጥን ነው። መብራት የተቋረጠበትን ሕንፃ መልሰን ከማብራታችን በፊት አንዱን ገመድ ቦርዱ ውስጥ ካለው የመዳብ ዘንግ፣ ሌላውን ከብረት ሳጥኑ ገላ እናያይዛለን፤ ከዚያ መዘውሩን ማሽከርከር ነው። መዳቡና ብረቱ በደንብ ተለያይተው ከሆነ መርፌዋ ወደ ላይ ትወጣለች። የሚያገናኛቸው ነገር ካለ ወደ ዜሮ ትወርዳለች። እስከዚህ ማንም ይረዳዋል። ሰው የሚሳሳተው ከወጣች በኋላ ነው። ጤነኛ ቦርድ ላይ መርፌዋ ረጋ እያለች ሽቅብ ትሄዳለች። በሽተኛው ላይ ደግሞ መጀመሪያ ትወጣና፣ መዘውሩን ካላቆምክ፣ ቀስ እያለች ቁልቁል ትንሸራተታለች። ይህን ለማየት ክንድ እስኪዝል ማሽከርከር ያስፈልጋል። ቶሎ ያቆመ ሰው መውጣቷን ብቻ አይቶ ደስ ብሎት ይሄዳል።

ያን ዓመት መስከረም ላይ ትምህርት ሊከፈት ሦስት አራት ቀን ሲቀረው ኃይለኛ ዝናብ ጣለ። ወደ ሆሞሻ በሚወስደው መንገድ ያለ አንድ ፎቅ ምድር ቤቱ ውሃ ገባበት። የከተማው መብራት በማግስቱ መጣ፤ ያ ፎቅ ግን ጨለማ ውስጥ ቀረ። እሑድ ጠዋት ጠሩን። ላይኛው ፎቅ ላይ ያሉት ልብስ ሰፊዎች ናቸው፤ የከተማውን ልጆች ግማሽ የሚያለብሱ። የስፌት መኪናቸው ቆሟል፣ ካውያቸው ቀዝቅዟል፣ ሰኞ ትምህርት ይከፈታል፣ ዩኒፎርሙ ደግሞ ግማሹ ገና እጅጌ የለውም። የኔም ልጅ ዩኒፎርም እዚያው ነበር። ክረምቱን እንደ በቆሎ ተመዝዛ፣ ያምናው ቀሚሷ ከጉልበቷ በላይ ቀርቶባታል።

የፎቁ ዘበኛ በሩን ከፈተልን። የዚሁ የአሶሳ ሰው ናቸው፣ ሸምገል ያሉ፣ ቀጠን ያሉ። አማርኛን በጎልማሳነታቸው ስለተማሩት እኔንም "አንተ" ነው የሚሉኝ፤ እኔም ደስ ይለኛል። "አንተ ግባ፣ እህቴ፣ ውሃው ወጣ፣ እኔ በባልዲ አወጣ" አሉኝ። እውነታቸውን ነው፤ ወለሉን ሲጠርጉ ነው ያደሩት። ክፍሉ ግን እንደ ጉድጓድ ይሸታል።

የጠዋቱ ፍተሻ የሚያሳፍር ነበር፤ መርፌዋ ከመነሻዋ እምብዛም አልተነቃነቀችም። ወንድሜ "ላብ ነው፣ ይደርቃል" አለ። ልክ ነው፤ ብዙ ጊዜ ላብ ነው። በሩን ወለል አድርገን ከፈትን፣ ከጎረቤት ትንሽ ጄነሬተር ተውሰን ማራገቢያ ደገንንበት። እኔ የቦርዱን የታችኛውን ክዳን ፈትተን ውስጡን እንይ ብዬ ነበር። ብሎኖቹ ዝገው ተጣብቀዋል፤ ወንድሜ "ስንፈታ ስንሰብር ሊመሽብን ነው፣ ተይው" አለኝ። ተውኩት። እኩለ ቀን ላይ ፀሐይዋም ወጣች፤ የክረምት ፀሐይ፣ ከዝናብ በፊት ቆዳ የምትልጥ።

ከሰዓት በኋላ መዘውሩን እኔ ያዝኩ። መርፌዋ እሰይ የሚያሰኝ አወጣጥ ወጣች፤ ይበቃል የምንለውን ምልክት ዘለለችው። ሰፊዎቹ ደረጃው ላይ ተኮልኩለው ያዩ ነበርና አጨበጨቡ። እኔ አላቆምኩም። ማሽከርከሬን ቀጠልኩ። ትንሽ ቆይታ መርፌዋ ራሷን ነቅነቅ አደረገችና መውረድ ጀመረች። ቀስ ብላ። ሰው እንዳያያት ኮቴዋን አጥፍታ ከለቅሶ ቤት እንደምትወጣ ሴት።

"ወረደች" አልኩ።

"ክንድሽ ዝሎ ነው" አለ ወንድሜ።

"ክንዴ አልዛለም።"

"የሴት ክንድ ነው፣ ምን ይደረግ" ብሎ ወደ ሰፊዎቹ ዞሮ ሳቀ።

ደሜ ፈላ። "አንተን አዝሎ ያሳደገህ የሴት ክንድ ነው!" አልኩት። ሰፊዎቹ ከኔ ጋር ሳቁ፤ የሱ ጆሮ ቀላ። ሜገሩን ተቀበለኝና ራሱ አሽከረከረ፣ በኃይል፣ በፍጥነት። መርፌዋ ተፈናጥራ ወጣች። ወዲያው አቆመ። "ይኸው! አየሽ?"

"ቀጥል።"

"ምኑን ልቀጥል?"

"ቀጥል ነው የምልህ ወንድም ጋሼ! እስክትቆም ቀጥል!"

አልቀጠለም። ሜገሩን መሬት ላይ አስቀምጦ በግራ እጁ ቀኝ ትከሻውን አሸት አሸት አደረገ። ንዴት መስሎኝ አለፍኩት።

ከዚያ የሰፊዎቹ አለቃ ወረደ። ጎጃሜ ነው፣ ምላሱ ከመቀሱ ይበልጣል። "እናንተ ሰዎች፣ ነገ ልጆቹ ራቁታቸውን ይሂዱ ወይስ ምን ልታደርጉን ነው? ወንድምሽ ደርቋል ካለ ደርቋል፤ ግድብ የሠራ ሰው ነው!" አለ። ወንድሜም ደረቱ ነፋ አለ። የዋናውን ማብሪያ እጀታ ከመሣሪያ ሳጥኑ አወጣ። ተነቃይ ነው፤ ገብቶ ካልተገፋ ቦርዱ አይበራም። የሚገፋው ሰው ደግሞ ፊቱን ከቦርዱ አንድ ክንድ አርቆ ነው የሚቆመው።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ልናገር። ሌላ ከተማ ስንሠራ የምናውቀው ሰው ነበር፤ ቀልደኛ፣ ጫት ሳይቅም የመረቀነ የምንለው። አንድ ቀን "ደርቋል" የተባለ ቦርድ ላይ እጀታ ሲገፋ ሳጥኑ ፊቱ ላይ ፈነዳ። አልሞተም። ሐኪም ቤት ሲጠይቁት የገዛ ልጆቹ በመልኩ አላወቁትም፤ ድምፁን ሰምተው ነው አባታችን ነው ያሉት። ወንድሜ ያን ቀን ከጎኔ ቆሞ ነበር። ከእንግዲህ ማንም ቢቸኩል አልቸኩልም ብሎ የማለው እሱ ነው። አሁን ያው ሰው፣ ለእልህና ለሰፊዎች ጭብጨባ ብሎ ፊቱን ሊሰጥ ነው። ፈራሁ። ንዴቴ ሁሉ ፍርሃት ነበር።

እጀታውን ከእጁ መነጨቅኩት። ዚፑን ከፍቼ ቱታዬ ውስጥ፣ ከደረቴ ሥር ከተትኩት። "በሉ፣ ወንድ የሆነ ከዚህ ያውጣው!" አልኩ። የሰፊዎቹ አለቃ "ኧረ በስማም" ብሎ ፊቱን አዞረ። ወንድሜ ከተወለድኩ ጀምሮ አይቼው በማላውቀው ዓይን አየኝ፤ ሰው ፊት አዋርጄዋለሁ።

"ነገ ጎህ ሲቀድ፣ ፀሐይ ሳትነካው እንለካለን" አልኩት። "ያኔም ካልወረደች እግርህን ስሜ እሰጥሃለሁ። ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል፤ ያልከኝ አንተ ነህ።"

ሳጥኑን አንጠልጥሎ ወጣ። ሰፊዎቹ እንዴት አድርገው እንደሰደቡኝ እዚህ ላይ አልጽፍም፤ ሆድ ይፍጀው። ቤቴ ስገባ ልጄ "ዩኒፎርሜስ?" አለች። "ያምናውን ልበሺ" አልኳት። አኮረፈች። እኔም እንደሷ ቢሆንልኝና ባኮርፍ ደስ ባለኝ።

ሰኞ ማለዳ ጉሙ ገና ከማንጎዎቹ ላይ አልተነሣም ነበር። ወንድሜ ከኔ ቀድሞ ደርሶ በሩ ላይ ቆሟል። ሰላም አላለኝም። ዘበኛው መካከላችን ቆመው አንዴ እሱን አንዴ እኔን ያያሉ። ክፍሉ ገብተን ገመዶቹን አያያዝን። "እኔ ነኝ የማሽከረክረው" አለ፣ "ያንቺ ክንድ ዝሎ ነው የወረደችው እንዳንባባል።"

"እስክትቆም ድረስ" አልኩ።

"እስክትቆም ድረስ።"

ጀመረ። መርፌዋ ወጣች፣ እንደ ትናንቱ ግን አይደለም፤ ምልክቱ ጋ ሳትደርስ ደከመች። እሱም እያየ ነው። ማሽከርከሩን ቀጠለ፤ እልኸኛ ነው፣ ሊያሳየኝ ነው። መርፌዋ መውረድ ጀመረች። ወረደች፣ ወረደች። ያኔ ዓይኔ ከመርፌዋ ላይ ተነሥቶ እጁ ላይ አረፈ። እጁ እየተንቀጠቀጠ ነበር። ከትከሻው ጀምሮ ቀኝ ክንዱ በሙሉ። ግንባሩ ላይ ላብ ችፍ ብሏል፣ ጥርሱን ነክሷል፣ ግን አላቆመም። መርፌዋ ዜሮ ላይ ወርዳ ቁጭ እስክትል ድረስ አላቆመም። ከዚያ መዘውሩ ከእጁ አመለጠ።

"ምን ሆነህ ነው?" አልኩት።

"ትከሻዬ ነው" አለ። "ከምሰሶ ከወደቅኩ ጀምሮ ነው። ረጅም ማሽከርከር አልችልም።"

ከምሰሶ የወደቀው ካቻምና ነው። ድኛለሁ ብሎን ነበር። ክው አልኩ። ግን ያን ሰዓት ገና የቦርዱን ነገር ነው የማስበው። ዝገቱ ይሰበር አይሰበር ሳንል በመዶሻም በቁልፍም አድርገን የታችኛውን ክዳን ፈታነው። ክዳኑ ሲወድቅ ግራጫ ጭቃ ድፍት ብሎ እግራችን ላይ ተዘረገፈ። ጫማዬን ወደ ኋላ ሳብኩ። ገመዶቹ ከሚገቡበት ቀዳዳ ጀምሮ እስከ መዳቡ ዘንግ ሥር ድረስ ጢም ብሎ ተሞልቷል።

አመድ ነው። የማገዶ አመድ፣ ርሶ እንደ ሊጥ የላቆጠ።

"ይሄ ምንድን ነው?" አልኩ ወደ ዘበኛው ዞሬ።

ሽማግሌው ፊታቸው በራ። ሥራቸውን ያየላቸው ሰው ያገኙ መሰላቸው። "ምስጥ ነው፣ እህቴ። ምስጥ ከመሬት መጣ፣ ሽቦ ውስጥ ገባ፣ ሣንቃው ሁሉ በላ። እኔ አመድ አደረገ። በዚህ ቀዳዳ፣ በጀርባ። ወላሂ ምስጥ ጠፋ!"

ምን ልበላቸው? እዚህ አገር ምስጥን የማያውቅ የለም። ቤት ስትሠራ ከቋሚው ሥር አመድ ትነሰንሳለህ፤ ጎተራም ሲቆም፣ አልጋ እግርም ሲተከል። አባቴም ያደርግ ነበር። ለእንጨት ደግ ነው። ደረቅ አመድ ለመብራትም ምንም አይል። ክረምት ሲገባ ግን አመድ እንደ ጨው ነው፣ ከአየሩ ላይ እርጥበት ይጠጣል፤ የራሰ አመድ ደግሞ መብራትን ተቀብሎ እስከ ሳጥኑ ገላ ያደርሰዋል። ትናንት ማራገቢያውና ፀሐይዋ ላዩን አድርቀው አታለሉን፤ ውስጡ ሌሊት መልሶ ጠጣ። እጀታው ቢገፋ ኖሮ ወንድሜ ፊት ለፊቱ ቆሞ ነበር።

እሱም ይህንኑ እያሰበ ነበር መሰለኝ፤ አመዱን በጣቱ ቆንጥሮ አሸው፣ ከዚያ ፊቱን በክንዱ ጠረገ። "አባቴ" አላቸው ዘበኛውን በለሰለሰ ድምፅ፣ "ይህን ማን አሳየዎት?"

"አማቼ ነው። አማቼ ትምህርት ቤት ዘበኛ ነው። አዲስ ሳጥን መጣ፣ ምስጥ አየ፣ አመድ ሞላ። ለኔም አሳየኝ።"

ወንድሜ ከተቀመጠበት ተነሣ።

ያ ትምህርት ቤት የኛ ሥራ ነው። የኛ ስል የሱ። ነሐሴ ላይ አዲሱን ቦርድ ሲተክል እኔ ባምባሲ ሌላ ሥራ ላይ ነበርኩ። ባለፈው ሳምንት ሄዶ ፀሐያማ ከሰዓት ላይ ብቻውን ለካው፤ ሲመለስ "እንደ መስታወት የጠራ ነው" አለኝ። እጀታውንም ለዳይሬክተሩ ሰጥቷል፤ ትምህርት በሚከፈትበት ጠዋት አብሩት ብሎ። ዛሬ ጠዋት። ልጄ የምትማርበት ትምህርት ቤት።

"እዚያስ አሽከርክረህ ነበር? እስክትቆም?" አልኩት።

ራሱን ነቀነቀ። እስክትቆም አላሽከረከረም።

ሜገሩን አንስተን ሮጥን። ባጃጅ አስቆምን። ወንድሜ ዳይሬክተሩ ጋ ይደውላል፣ ስልኩ አይነሣም። ዝናቡም ጀመረ፤ መጀመሪያ ነጠብጣብ፣ ከዚያ ዶፍ። ባለባጃጁን "ንዳው! ንዳው!" እያልኩ ጀርባውን እደበድበዋለሁ፤ ሰውዬው ያበድኩ መስሎት ዞር ዞር እያለ ያየኛል። ወንድሜ በሹክሹክታ "እታለም" አለኝ። ከልጅነታችን ወዲህ እንዲያ ብሎኝ አያውቅም። "እታለም፣ ይቅር በዪኝ።" አፌን ብከፍት የሚወጣው ነገር ወንድም የሚያስቀር አልነበረም።

ግቢው ስንደርስ ሰልፉ በዝናቡ ምክንያት ፈርሷል። ልጆቹ ሁሉ በረንዳው ላይ ተጠጋግተዋል፤ ሜዳው ባዶ ነው። ቦርዱ ያለው በረንዳው ላይ፣ ደረጃው ሥር ነው። የትምህርት ቤቱ ዘበኛ እጀታውን አስገብተው፣ አንገታቸውን ወደ ቢሮው ቀልሰው ትእዛዝ ይጠብቃሉ፤ ዳይሬክተሩ ማይክራፎኑን እያስተካከለ ነው። ባጃጁ ሳይቆም ወንድሜ ዘሎ ወረደ።

"እንዳትነካ! እንዳትነካው!"

እንዲህ ያለ ድምፅ ከሰው ሲወጣ ሰምቼ አላውቅም። ዘበኛው እሳት እንደነካው ሰው እጃቸውን ነጠቁ። በረንዳው ሙሉ ልጅ ዞሮ አየን። ከመካከላቸው አንዷ እጇን አውለበለበችልኝ። ልጄ ናት። ያምናውን አጭር ቀሚስ ለብሳ፣ ጫማዋ ውሃ ጠግቦ፣ ጀርባዋን የቦርዱ የብረት በር ላይ አስደግፋ ቆማለች። ኩርፊያዋን ረስታለች። "እናቴ ናት፣ ልታየኝ መጣች" ስትል ሰማኋት ጓደኛዋን።

ወደ ራሴ ሳስጠጋት ለምን እንደማለቅስ አልገባትም። ሰው እያየን ነው ብላ ገፋችኝ።

ልጆቹ ክፍል ከገቡ በኋላ ለካነው። ወንድሜ ገመዶቹን ያዘ፣ እኔ አሽከረከርኩ። መርፌዋ ለወጉ እንኳ ብድግ አላለችም፤ ዜሮ ላይ ተኝታ ቀረች። ክዳኑን ስንፈታ ያው አመድ ነው፣ ያው ጭቃ። ከሳጥኑ ገላ ወደ መሬት መውረድ የነበረበት የመዳብ ሽቦም የለም፤ በክረምቱ ማን እንደቆረጠው እንጃ፣ መዳብ ይሸጣል። እጀታው ቢገፋ መብራቱ በአመዱ አልፎ በሩ ላይ ይቆም ነበር። ወንድሜ በዝናብ የራሰውን በር በመዳፉ ነካው፤ ልጄ ጀርባዋን ያስደገፈችበትን ቦታ። እጁን ብዙ አቆየው።

ከዚያ ደረጃው ላይ ቁጭ አለ። እኔም አጠገቡ ተቀመጥኩ። ከግቢው አጥር ማዶ ከተማው ይታያል። ደመናው ከብዶ ገና በጠዋቱ ጨልሟልና ሰው መብራቱን እያበራ ነበር፤ አንድ መስኮት፣ ቀጥሎ ሌላ፣ ቀጥሎ የሆቴሉ ፎቅ በሙሉ። ወንድሜ አንድ በአንድ ይከተላቸዋል በዓይኑ።

"ሌሎቹም አሉ" አለ።

"የትኞቹ?"

"ከካቻምና ወዲህ የለካኋቸው ሁሉ።"

ዝናቡ አላባራም። ሜገሩን ጠርጌ ትከሻዬ ላይ አንጠለጠልኩት። "ተነሥ" አልኩት፣ "ቅርቡ የቱ ነው?"